ቀምሶ ስለ መግዛት፤ ይኸውም የሙከራ ሶፍትዌር በምን ፈቃድ እንደሚሰጥና እንዴት እንደሚሠራጭ

ማር የሚገዛ ሰው በገበያ አስቀድሞ ጣቱን ነክሮ ይቀምሳል፤ ቅቤ የሚገዛም ያሸታል፤ ጤፍ የሚገዛም በመዳፉ ዘግኖ ያያል። ሻጩ በዚህ አይቈጣም። የሚቀመሰው ጥቂት ነውና ቀማሹ ሳይገዛ ቢሄድም ብዙ አይጐድልበትም። አንድ ሻጭ ግን ማሩን በየማሰሮው እየሞላ ለመንገደኛ ሁሉ ቢሰጥና «ወደ ቤትህ ውሰደው፤ ወር ሙሉ ብላው፤ ለጎረቤትህም አካፍለው፤ ከተስማማህ ዋጋውን ላክልኝ፤ ካልተስማማህም ተወው» ቢል፥ የገበያው ሰው «ይህስ አእምሮውን ስቷል» ባለው ነበር። በኮምፒዩተርና በስልክ የሚሠራበት ሶፍትዌር የሚባለው ነገር ግን ከአርባ ዓመት በላይ በዚህ ዐይነት ሲሸጥ ኖሯል። አሻሻጡም በእንግሊዝ አፍ ሼርዌር ይባላል፤ «የሚካፈሉት» እንደ ማለት ነው።

ይህ ነገር ለደቀ መዝሙርና ለተሳላሚ ምን ይጠቅመዋል ቢሉ፥ ዛሬ ስልክና ኮምፒዩተር ያልደረሰበት ደብር ጥቂት ስለ ሆነ ነው። ከዚህም ከዐረብ አገር የሚመጣ አለ። በጅዳ ከተማ በደቡብ በኩል ፔትሮሚን የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ በ1962 በሳዑዲ መንግሥት ከተቋቋመው የነዳጅና የማዕድን ድርጅት ስም የመጣ ነው (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው)። በዚያ ሰፈር ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በዚያም ሆነ በመካ ሠርተው ያደሩ ልጆች ለእናት ለአባታቸው፥ ለተማሪ ወንድማቸውም ስልክና ላፕቶፕ በመንገደኛ ይልካሉ። ዕቃው ሲከፈት በውስጡ ልዩ ልዩ ፕሮግራም ተጭኖ ይገኛል። ከፕሮግራሞቹ አንዱ በእውነት በነፃ የተሰጠ ነው፤ አንዱ ለሙከራ ብቻ የተሰጠ ነው፤ አንዱም ማኅተሙ ተሰብሮ የተሰረቀ ነው። በመልካቸው ሦስቱም አንድ ናቸው። ሦስቱን ለይቶ ለማወቅ የመጀመሪያው ነገር ሰው ሶፍትዌር ገዛ ሲባል የሚገዛው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ነው።

ሶፍትዌር የገዛ ሰው የገዛው ዕቃውን አይደለም፤ ፈቃዱን ነው። በሬ የገዛ ሰው በሬውን ቢያርስበትም ቢያርደውም ቢሸጠውም የማንም ከልካይነት የለበትም። የጽሕፈት ፕሮግራም የገዛ ሰው ግን «በአንድ ኮምፒዩተር ጭነህ ልትጽፍበት ትችላለህ» የሚል ቃል ገዛ እንጂ ፕሮግራሙ የደራሲው እንደ ሆነ ይኖራል። ይህ ቃል ላይሰንስ ይባላል፤ ፈቃድ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ሲጫን በረጅሙ ተጽፎ የሚታየውና ከበታቹ «እስማማለሁ» የሚል ቍልፍ ያለበት እርሱ ነው። ብዙ ሰው ሳያነብ ይጫነዋል። የሙከራው ልክ፥ የቀኑ ቍጥር፥ ለሌላ መስጠት ይቻል ወይም አይቻል እንደ ሆነ የተጻፈው ግን በዚያ ነው።

ለምን እንዲህ ተደረገ ቢሉ፥ ከብራና መጽሐፍ ጋር ቢያስተያዩት ምክንያቱ ይገለጣል። በብራና ዘመን መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው ፍየሉን ይገዛል፤ ቆዳው ይወጠራል፤ ይፋቃል፤ ቀለሙ ይበጠበጣል፤ ለቁም ጸሓፊው ቀለቡና ዋጋው ይሰፈራል፤ የሚቀዳበትም እናት መጽሐፍ ከገዳም በዋስ ይወጣል። ሥራው ወራት ይፈጃል። ወጪው ሁሉ ያለው በመቅዳቱ ላይ ነው። ለደራሲው የሚከፈል ነገር የለም፤ ብዙውን ጊዜም ደራሲው ካረፈ ብዙ መቶ ዓመት አልፎታል። በመጽሐፉ መጨረሻ የሚጻፈውም የውግዘት ቃል የሰረቀውንና የፋቀውን ያወግዛል እንጂ የቀዳውን አይነካም። መቅዳት በራሱ ድካም ስለ ሆነ ከልካይ አላስፈለገውም፤ ይልቁንም የቀዳ ይመሰገናል።

ሶፍትዌር የዚህ ግልባጭ ነው። የመጀመሪያውን ቅጂ ለማውጣት ሰዎች ዓመታት ይደክማሉ፤ ደመወዝም ይከፈላል። ሁለተኛውን ቅጂ ለማውጣት ግን ጣትን አንድ ጊዜ ማንሣት ብቻ ይበቃል። ሺኛውም ቅጂ ከመጀመሪያው በምንም አይለይም፤ ፊደል አይዘለልበትም፤ ቀለም አይደክምበትም። ስለዚህ ደራሲው ከመቅዳት የሚያገኘው ዋጋ የለም። መቅዳትንም መከልከል አይችልም፤ በሰው ቤት ገብቶ ማን እንደ ቀዳ አያይምና። ሼርዌር የተባለው አሳብ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። ጀማሪዎቹ መከልከል ያልቻሉትን ነገር ፈቀዱት፤ ፈቅደውም አገልጋያቸው አደረጉት።

ጀማሪዎቹ ሦስት አሜሪካውያን ናቸው። የመጀመሪያው አንድሩ ፍሉገልማን ይባላል፤ የሕግ ትምህርት የተማረና መጻሕፍት የሚያሳትም ሰው ነበር። በ1982 ኮምፒዩተር ከኮምፒዩተር ጋር በስልክ መሥመር የሚነጋገርበትን ፒሲ ቶክ የተባለ ፕሮግራም ሠራ። ፕሮግራሙን በሱቅ ከመሸጥ ይልቅ ሰው ሁሉ እንዲቀዳውና እንዲያካፍለው ፈቀደ፤ የወደደውም ሰው 25 ዶላር እንዲልክለት በፕሮግራሙ ውስጥ ጻፈ። ሁለተኛው ጂም ክኖፍ በዚያው ዓመት ፒሲ ፋይል የተባለ የመዝገብ መያዣ ፕሮግራም በተመሳሳይ መንገድ አወጣ። ሁለቱ አስቀድሞ አይተዋወቁም ነበር፤ ፕሮግራሞቻቸውን የያዘ ሰው አስተዋወቃቸው ይባላል። ከተዋወቁም በኋላ አንዱ የሌላውን ሥራ ሊያስታውቅለት፥ ዋጋቸውንም አንድ ዐይነት ሊያደርጉ ተስማሙ። ክኖፍ በጀርመን ቋንቋ አዝራር ማለት ነውና ሰውየው ለንግዱ ስሙን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ «ጂም በተን» ተባለ። የአይ ቢ ኤም ሠራተኛ ነበር፤ ፕሮግራሙ እንጀራ ስለ ሆነው በ1984 ሥራውን ተወ።

ሦስተኛው ቦብ ዋላስ ከማይክሮሶፍት የመጀመሪያ ሠራተኞች አንዱ የነበረ ነው። በ1983 ፒሲ ራይት የተባለውን የጽሕፈት ፕሮግራም አወጣ። ፍሉገልማን «ፍሪዌር» የሚለውን ስም በሕግ ለራሱ አስመዝግቦት ስለ ነበር ሌሎች ሊጠሩበት አልቻሉም፤ ሼርዌር የሚለው ስም በዋላስ ሥራ ታወቀ። የዋላስ ሥርዐት ከሁሉ የተራቀቀ ነው። ዲስኩ በ10 ዶላር ይገኛል፤ ወይም ከወዳጅ በነፃ ይቀዳል። ወዶት ሊመዘገብ የፈለገ ሰው 75 ዶላር ይከፍላል፤ የታተመ መማሪያ መጽሐፍና በስልክ የሚሰጥ እርዳታም ያገኛል። በተመዘገበው ሰው ቅጂ ላይ ቍጥር ይጻፋል። ከእርሱ ቀድቶ ሌላ ሰው በዚያ ቍጥር ቢመዘገብ ለመጀመሪያው ሰው 25 ዶላር ይላክለታል። ስለዚህ ሦስት ሰዎች ከእርሱ ቀድተው ቢከፍሉ የከፈለው 75 ዶላር ሙሉ በሙሉ ይመለስለታል። ቀጂው ሌባ መሆኑ ቀርቶ የሻጩ ደላላ ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ሥርዐት ከሚጠቀሙት የሚከፍሉት ጥቂቶች ነበሩ። ይሁን እንጂ ማስታወቂያና ሱቅ፥ ማሸጊያና ማጓጓዣ ስላላስፈለገ ጥቂቶቹ የከፈሉት ሥራውን ለማቆየት በቃ። በ1987 እንዲህ ያሉ ደራስያን የሼርዌር ባለሙያዎች ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ካወጣቸው ደንቦች አንዱ ለሙከራ የሚሰጠው ፕሮግራም ሆን ተብሎ አካሉ የጐደለ እንዳይሆን የሚከለክል ነበር። ይህ ደንብ የሚመሰገን ነው፤ እንጐቻ አሳይቶ ድርቆሽ የሚሸጥ እንዳይኖር ያደርጋልና። ነገር ግን ብዙ ደራስያን ከማኅበሩ ውጭ ነበሩ፤ የጊዜውም ጠባይ ወደ ሌላ ሄደ።

የሄደበትም መንገድ ብዙ ነው። አንዳንዱ ፕሮግራም ሙሉ ሆኖ ይሰጣል፤ ነገር ግን በተከፈተ ቍጥር «አልተመዘገብህም» እያለ ይወተውታል። መዝገብ ጠቅልሎ የሚያሳንሰው ዊንራር የተባለው ፕሮግራም በዚህ የታወቀ ነው። ኢዩጂን ሮሻል የተባለ ሩሲያዊ የሠራው ሲሆን የሙከራው ጊዜ 40 ቀን ነው፤ 40ው ቀን ካለፈ በኋላም መወትወቱን እንጂ መሥራቱን አይተውም። ከዚህ የተነሣ በዓለም ሁሉ የቀልድ መነሻ ሆኗል። ቀልዱ ግን ፈቃዱን አይለውጠውም፤ ከ40 ቀን በኋላ የሚጠቀምበት ሰው በሩ ክፍት ስለ ሆነ ብቻ ባለቤት አልሆነም። ሌላው ዐይነት ቀኑ ሲደርስ የሚዘጋ ነው። ሌላው ጽፎ ማየትን ይፈቅዳል፤ ማተምን ወይም ማስቀመጥን ግን ይከለክላል። ደግሞም የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ የሚሰጥ አለ። በ1993 ዱም የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ የመጀመሪያ ክፍሉ በነፃ ተሠራጭቶ፥ የቀሩት ክፍሎች በገንዘብ የሚታዘዙ ስለ ነበሩ ለአሠሪዎቹ ታላቅ ሀብት አመጣ። የነገሩን መጨረሻ ለመስማት የጓጓ ሰው ቦርሳውን እንደሚፈታ ተረት ነጋሪ ሁሉ ያውቃል።

ፕሮግራሙ ቀኑን በምን ያውቃል ቢሉ፥ ሲጫን የተጫነበትን ቀን በስውር ቦታ ይጽፋል፤ በተከፈተም ጊዜ ከኮምፒዩተሩ ሰዓት ጋር ያስተያያል። አንዳንድ ሰው ሰዓቱን ወደ ኋላ በመመለስ ያታልለው ነበር። ስለዚህ በኋላ የተሠሩት መጨረሻ የተከፈቱበትንም ቀን ይጽፋሉ፤ ዛሬ ከትናንት ወደ ኋላ ቢያዩት ማታለሉን ያውቃሉ። የዛሬዎቹ ደግሞ ቀኑን የሚጠይቁት በኢንተርኔት ከባለቤቱ ቤት ነው።

ገዢው ከከፈለ በኋላ የሚሰጠው የመክፈቻ ቍጥርም እንዲሁ ምሥጢር አለው። በጥንቱ አሠራር ፕሮግራሙ ቍጥሩን በአንድ በተሰወረ ስሌት ይመረምራል፤ ስሌቱም ያለው በፕሮግራሙ ውስጥ ነው። ስለዚህ ብልኅ ሌባ ፕሮግራሙን ፈትቶ ስሌቱን ካገኘ የፈለገውን ያህል ቍጥር ያወጣል። በኋላ ግን እንደ ማኅተም ያለ ሥርዐት መጣ። የንጉሥን ማኅተም ያየ ሁሉ እውነተኛ መሆኑን ይለያል፤ ማተም የሚችለው ግን ቀለበቱ በእጁ ያለው ብቻ ነው። እንዲሁ ፕሮግራሙ የቍጥሩን እውነተኛነት የሚለይበትን ብቻ ይይዛል፤ ማተሚያው በደራሲው ቤት ይቀራል። ሌባውም ማተሚያውን ስላላገኘ መርማሪውን ራሱን ከፕሮግራሙ ቈርጦ ያወጣዋል፤ በረኛውን ገድሎ እንደ መግባት ነው። «ክራክ» የሚባለው ይህ ነው። ክራክ የሆነ ፕሮግራም የሚያስፈራው በሕግ ብቻ አይደለም። በረኛውን የገደለው ሰው ማን እንደ ሆነ፥ ሲወጣም ምን ትቶ እንደ ሄደ የሚያውቅ የለም። ብዙ ጊዜ የሚተወው ቫይረስ፥ ወይም የይለፍ ቃልን የሚሰርቅ ሰላይ ነው።

ሥርጭቱ በመጀመሪያ ከእጅ ወደ እጅ በፍሎፒ ዲስክ ነበር። የኮምፒዩተር ወዳጆች ማኅበራት በስብሰባቸው ይቀዱ ነበር፤ የዲስኩንና የድካማቸውን ጥቂት ዶላር ብቻ ተቀብለው በፖስታ የሚልኩ ነጋዴዎችም ነበሩ። እነዚህ ዋጋ ይቀበሉ የነበረው ለመገልበጡ ስለ ሆነ፥ ለነጋዴው የከፈለ ሰው ለደራሲው የከፈለ መስሎት ይሳሳት ነበር። ይህ ስሕተት ዛሬም አለ። በዐዲስ አበባም ሆነ በጅዳ ለስልክ ጠጋኙ ገንዘብ ከፍሎ ፕሮግራም ያስጫነ ሰው የከፈለው የእጁን ዋጋ ነው፤ ፈቃዱን አልገዛም። ከፍሎፒ በኋላ ሲዲ፥ ከሲዲም በኋላ ኢንተርኔት መጣ። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ የአፕልና የጉግል የስልክ ፕሮግራም መደብሮች ተከፈቱ፤ መቅዳትና ማካፈልም ቀርቶ እያንዳንዱ ሰው ከአንድ ጎተራ የሚወስድ ሆነ።

አሁን ወደ አገራችን ፊደል እንመለስ፤ ለእኛ ሰው ይህ ጉዳይ ከሁሉ የቀረበው በእርሱ ነውና። በ1980ዎቹ ዓመታት አቶ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ፥ ሁለቱም በአሜሪካ ሆነው፥ ኮምፒዩተር በግዕዝ ፊደል እንዲጽፍ ደከሙ። በኋላም በዐዲስ አበባ ኮንሰፕት ዳታ ሲስተምስ ፓወር ግዕዝን፥ ከስቶር ኮምፒዩቲንግ ቪዥዋል ግዕዝን ሠርተው አወጡ። በጽሕፈት ሱቅና በመሥሪያ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ እነዚህን ስሞች ያውቃል። የሚሸጡ ፕሮግራሞች ሲሆኑ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጡ አገር ሞሉ።

ሰው ስለ ምን እንዲህ ገለበጣቸው ቢሉ፥ ድህነትና ልማድ ብቻ አይደለም፤ ከፊደሉ አቀማመጥም የመጣ ነው። የጥንቱ የኮምፒዩተር ሥርዐት ለአንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ከዚያም ሁሉ ለፊደል የሚሆን አልነበረም። የግዕዝ ፊደል ግን 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፥ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከቦታው ያልፋሉ። ስለዚህ አንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ አንዳንዱም የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጦ ገጠመው። ሁሉም በየራሱ ቍጥር አስቀመጠ። በአንዱ «ሀ» የሆነው ቍጥር በሌላው «ጠ» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የባቢሎን ቋንቋ ይሆናል። ላኪው ገዝቶ ቢጽፍም ተቀባዩ ያው ፎንት ከሌለው አያነብም። ስለዚህ ደብዳቤው በተላከ ጊዜ ፎንቱም በዲስኩ አብሮ ይላካል። ላኪው ሰረቅሁ ብሎ አላሰበም፤ ደብዳቤውን የሚያነብበትን መነጽር የላከ መሰለው። አንድ መጽሐፍ ለማሳተም የተነሣ ማኅበር ጸሓፊው፥ አራሚውና ማተሚያ ቤቱ ያው ፕሮግራም ያስፈልጋቸዋል፤ አንዱ ቢገዛ ሦስቱ ይጠቀማሉ።

ሼርዌር የሚባለው ሥርዐት ለዚህ የተመቸ ይመስላል፤ መቅዳቱ አለና። የጐደለው ግን የመመለሻው መንገድ ነው። ዋላስ ቼክ በፖስታ የሚቀበልበት አገር ነበረው። የኢትዮጵያ ገዢ ግን ለብዙ ዘመን በባንክ ካርዱ ወደ ውጭ አገር ዶላር መክፈል አልቻለም፤ የውጭ ምንዛሬ በፈቃድ የሚገኝ ነበርና። በውጭ ያለ ደራሲ «ከወደድኸው ላክልኝ» ቢለው የሚልክበት መንገድ አልነበረውም። ልክፈል ቢል የማይችል ሰውና አልከፍልም የሚል ሰው በደራሲው መዝገብ አንድ ሆነው ይቈጠራሉ። ይህ ለሁለቱም ወገን ያሳዝናል። ደራሲው ገዢ የለኝም ብሎ ሥራውን ይተዋል፤ ተጠቃሚውም የተሻለው ሳይመጣለት ይቀራል።

ችግሩን ያቃለለው ከንግዱ ውጭ የመጣ ነገር ነው። በ1999 ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት ሁሉ የቍጥር ሥርዐት በሦስተኛ እትሙ የግዕዝን ፊደል ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በማንኛውም ዩኒኮድን በተቀበለ ፕሮግራም አንድ ቍጥር አለው። በ2007 ለሕዝብ የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የተባለው ፎንት ደግሞ ክፍት በሆነ የፎንት ፈቃድ ይሰጣል። ይህ ፈቃድ መቅዳትን፥ ማካፈልን፥ ማሻሻልንም ይፈቅዳል፤ የሚከለክለው ፎንቱን ለብቻው መሸጥን ነው። ለማስተማሪያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጅ ተማሪ ከዚህ የሚሻል የለም፤ ለመቶ ባልንጀራ ቢሰጠው ከፈቃዱ አይወጣም።

የቍልፍ ሰሌዳውም ታሪክ እንዲሁ ነው። ኪማን የተባለውን ፕሮግራም ማርክ ደርዲን የተባለ ሰው በ1993 መጀመሪያ ለላኦ ቋንቋ ሠራው፤ በኋላ ለብዙ ቋንቋ ሆነ። ለአማርኛና ለግዕዝ የሚሆነው የፊደል አጻጻፍም በአቶ ዳንኤል ያዕቆብ ከሚመራው የግዕዝ ፍሮንቲየር ድርጅት ተዘጋጅቶለታል። ኪማን አስቀድሞ 30 ቀን የሚሞከርና ከዚያ በኋላ የሚገዛ ነበር። በ2015 ኤስ አይ ኤል የተባለው የቋንቋ ድርጅት ከወሰደው በኋላ ያለ ዋጋ የሚሰጥና ምንጩም ለሁሉ የተገለጠ ሆነ። ስለዚህ የድሮው የሙከራ ቅጂ በፍላሽ ያለው ሰው፥ ቀኑን ለማታለል ከመድከም ይልቅ ዐዲሱን ቢያወርድ ያለ በደል ይገለገላል።

እንግዲህ በነፃ የሚባለው ነገር አንድ ዐይነት አይደለም። ሼርዌር ለመቅዳት ነፃ ነው፤ ለመገልገል ግን ዋጋ አለው። ፍሪዌር ዛሬ በተለመደው አነጋገር ለመገልገል ነፃ ነው፤ ውስጡን መለወጥ ግን አይፈቀድም። ክፍት ምንጭ የሚባለው መቅዳቱም፥ መገልገሉም፥ መለወጡም የተፈቀደ ነው። ዋጋ አልተጠየቅሁበትምና ነፃ ነው ማለት አይገባም።

ሕጉም ይህን ይደግፋል። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት እንደ አገራችን አቈጣጠር ነው) የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ ከሚጠበቁት ሥራዎች ቈጥሮታል። እንዲያውም ከመጽሐፍ ይልቅ ያጠብቅበታል። የታተመን ሥራ ሰው ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ ቢያወጣ ባለመብቱ እንዳይከለክለው የሚለው አንቀጽ ለኮምፒዩተር ፕሮግራም አልተሰጠም። በሕግ የያዘው ሰው ግን ቢጠፋበት መተኪያ የሚሆን ቅጂ ማስቀመጥ ይችላል። በሳዑዲ ዐረቢያም በ2003 የወጣው የቅጂ መብት ሕግ ፕሮግራምን ይጠብቃል። ስለዚህ ከጅዳ የመጣ ላፕቶፕ ክራክ የሆነ ፕሮግራም ቢይዝ ባሕር መሻገሩ አያጠራውም።

የሙከራው ነገር በዛሬው ስልክ ላይ መልኩን ለውጧል። በድሮው ሼርዌር ሰው ዝም ካለ አይከፍልም፤ መክፈል የሚሻ ተነሥቶ ይልካል። በዛሬው ግን ዝም ያለ ሰው ይከፍላል። ለምሳሌ በፔትሮሚን የምትሠራ አንዲት እኅት የእንግሊዝኛ ወይም የዐረብኛ ትምህርት የሚሰጥ ፕሮግራም «ሰባት ቀን በነፃ» ብሎ አገኘች እንበል። ፕሮግራሙ ሰባቱን ቀን ከመስጠቱ በፊት የባንክ ካርድ ይጠይቃል። ሰባቱ ቀን ሲፈጸም ዋጋው ከካርዱ ይቈረጣል፤ በየወሩ ወይም በየዓመቱም ይደገማል። የሳዑዲ ሪያል ከ1986 ጀምሮ 3.75 ለአንድ ዶላር ሆኖ ጸንቷልና፥ በዓመት 60 ዶላር የሚል ፕሮግራም 225 ሪያል ይወስዳል ማለት ነው። ለቤት ሠራተኛ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ደግሞ ለባንክ ካርድ ኢቃማ የተባለው የመኖሪያ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፥ ኢቃማ የሌለው ሰው በሌላ ሰው ካርድ ይሞክራል። ቀኑ ሲደርስ የሚቈረጠው ካርዱን ካዋሰው ወዳጅ ነው፤ ጠቡም በሁለቱ መካከል ይሆናል። ከዚህ ይልቅ በየሱቁ የሚሸጠውን የአፕል ወይም የጉግል የስጦታ ካርድ መግዛት ይሻላል፤ በውስጡ ካለው ሂሳብ በላይ ሊቈረጥ አይችልምና።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ፕሮግራሙን ከስልኩ ማጥፋት ውሉን አያፈርስም። ዕቃው ከቤት ወጣ እንጂ ስሙ ከባለቤቱ መዝገብ አልተፋቀም። ውሉ የሚፈርሰው በአፕል ወይም በጉግል መደብር ውስጥ የደንበኝነት መዝገቡ ሲከፈት ከሚገኘው የመሰረዣ ቍልፍ ነው። ስልኩ በመንገደኛ ወደ አገር ቤት ቢላክም፥ የላኪው የመደብር መለያ ስም ካልወጣለት ቈረጣው በጅዳ ባለው ካርድ ላይ ይቀጥላል፤ ስለዚህ ስልክ የሚልክ ሰው ሳይልከው መለያውን ማውጣት አለበት። አፕልም መሰረዙ የሙከራው ጊዜ ከማለቁ ቢያንስ 24 ሰዓት አስቀድሞ እንዲሆን ይጠይቃል። በሰባተኛው ቀን ማታ የሰረዘ ሰው ዘግይቷል፤ በስድስተኛው ቀን ጧት ቢሰርዝ ግን ምንም አይቈረጥበትም።